ያዞረኝ አደባባዩ ነው

ለከተማው የመንገድና የምልክት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት (የት እንዳሉ ለማወቅ ብዙ ነዳጅ ጨርሻለሁ)

ቀን፦ ማክሰኞ። ሰኞ ሊሆን ነበር፣ ሰኞ መሥሪያ ቤቱ አልተገኘም።

ጉዳዩ፦ በአዲሱ አደባባይ ላይ ለደረሰው ነገር ጥፋተኛው መንገዱ እንጂ እኔ አለመሆኔን የሚገልጽ፣ ማህተም ያለበት ደብዳቤ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ አመልካች በሙያዬ የባጃጅ ሹፌር ስሆን፣ በተራችን የምጠራው «ካርታው» ተብዬ ነው። ይህን ስም ራሴ አላወጣሁትም። ማለት ትንሽ ረድቻለሁ፣ ግን የተቀበለው ሕዝቡ ነው። ትምህርቴን ብዙም አልገፋሁበትም፤ ትምህርት ቤት መንገድ አያስተምሩም፣ እኔ ደግሞ ሥራ ነበረብኝ። ይኸው ዛሬ የዚህን ከተማ ጉድጓድ ሁሉ እንደ ጎረቤቴ ነው የማውቀው። ተሳፋሪ ገና አፉን ሳይከፍት ፊቱን ብቻ አይቼ ያደረስኩበት ቀን አለ። ሰውየው እዚያ መሄድ አልፈለገም ነበር፣ ግን ደርሷል።

1. በቅድሚያ ክቡርነትዎ እንዲያውቁልኝ የምፈልገው የሙያችንን ሕግ ነው። ሹፌር መንገድ አይጠይቅም። በቃ። በእኛ ተራ መንገድ ሲጠይቅ የተያዘ ሹፌር ከዚያን ቀን ጀምሮ «ቱሪስት» ይባላል። ከእኛ አንዱ፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ድሮ አንዲት ሴትዮን «እናቴ፣ ክሊኒኩ በየት በኩል ነው?» ሲል ጓደኛው ሰማው። አለቀ። ዛሬ አግብቶ ወልዷል፣ ሚስቱ ራሷ «ቱሪስት፣ ምሳ ቀርቧል» ነው የምትለው። ስለዚህ «አንተስ ለምን ሰው አልጠየቅክም?» የሚል ነገር ከቢሮዎ የሚነሳ ከሆነ፣ መልሴን ከወዲሁ እዚህ ላይ አስቀምጫለሁ።

2. አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ላገባት የምፈልጋት ልጅ አለች። ልብስ ሰፊ ናት። ስሟን እዚህ ወረቀት ላይ አልጽፍም፣ ቢሮ ውስጥ ብዙ ወንድ አለ። አባቷ ጋሽ ተሳቢ ይባላሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ሲነዱ ነው የኖሩት፤ አሁንም ቤታቸው ውስጥ ከሳሎን ወደ ጓዳ ሲታጠፉ ሰፋ አድርገው ነው የሚታጠፉት። ባጃጅ ለእሳቸው መኪና አይደለም። «ሦስት እግር በርጩማም አለው፣ ይነዳል እንዴ?» ይላሉ፣ ያውም እኔ እየሰማሁ።

ቢሆንም የእሷ ወንድም ሊያገባ ሆነና ዕድሌ መጣ። ሙሽራዋ ፀጉሯን ከምትሠራበት ቤት እስከ ሰርግ አዳራሹ አጀቡን ማን ይምራ ሲባል፣ እኔ ብድግ ብዬ «ዓይኔን ጨፍኜ አደርሳችኋለሁ» አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ተሳቢ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝና «እስቲ፣ ካደረስክ ቁጭ ብለን እናወራለን» አሉ። ክቡር ኃላፊ፣ ለመዳር የደረሰች ልጅ ካለችዎት ይህ ንግግር ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል።

3. በሰርጉ ቀን ባጃጄን አጥቤ፣ ሪባን አስሬ፣ ከፊት ሆንኩ። ከኋላዬ የሙሽሮቹ መኪና፣ ቀጥሎ ጋሽ ተሳቢ፣ ቀጥሎ ዘመድ በዘመድ፣ መጨረሻ ላይ ኬኩን የጫነች ፒክአፕ። እስከ አዲሱ አደባባይ ድረስ ማንም ይመስክር፣ እንደ ውሃ ነው የወሰድኳቸው። አደባባዩ ላይ ግን የቢሮዎ ሥራ ጀመረ።

የመጀመሪያው መውጫ ላይ «መግባት ክልክል ነው» ተብሏል። እሺ። ሁለተኛው ላይ «ለጊዜው ተዘግቷል» የሚል ሰሌዳ ቆሟል። ለጊዜው በተባለው ሰሌዳ ላይ ወፍ ጎጆ ሠርታ፣ እንቁላል ጥላ፣ ፈልፍላ፣ ልጆቿ አድገው በረዋል። ሦስተኛው የመጣንበት ነው። አራተኛው ላይ የአዳራሹ ስም ከነቀስቱ አለ፣ ነገር ግን ምሰሶው ተጋድሞ ቀስቱ ወደ መሬት ነው የሚያመለክተው። ወደ መሬት፣ ክቡር ኃላፊ! የያዝኩት ሙሽራ ነው፣ ሬሳ አይደለም።

እኔም ለማሰብ ያህል አንዴ ዞርኩ። ሹፌር እያሰበ ይዞራል፣ ያለ ነው። አጀቡም ተከተለኝ። ታዲያ አጀቡ ረጅም፣ አደባባዩ ጠባብ ሆነና፣ ዙሩን ስጨርስ ከፊቴ ሪባን ያሰረች አንዲት ፒክአፕ አየሁ። «ተመስገን፣ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ተገኘ» ብዬ ተከተልኳት። በሕይወቴ እንደዚያ አምኜ ማንንም ተከትዬ አላውቅም።

ለካ የራሳችን ኬክ ናት። እኔ ኬኩን እከተላለሁ፣ ኬኩ ዘመዱን፣ ዘመዱ ጋሽ ተሳቢን፣ ጋሽ ተሳቢ ሙሽሮቹን፣ ሙሽሮቹ እኔን። ፊትም ኋላም የሌለው አጀብ ሆንን። ለሌላ መኪና መግቢያ እንኳ አልተረፈም።

መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር፣ አልዋሽም። ሁሉም ክላክሱን ይነፋል። ቪዲዮ ቀራጩ «በጣም ቆንጆ ነው! አንዴ ድገሙልኝ!» እያለ ይጮኻል። ትራፊክ ፖሊሱ ፕሮግራም መስሎት አጨበጨበ። ኋላ ላይ ግን የሙሽራዋን እናት አጥወለወላቸው፣ ኬኩም ወደ አንድ ጎኑ ዘመመ። በመጨረሻ ሙሽራዋ መኪናውን አስቁማ ወረደች። ቬሎዋን ሰብስባ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ በሣሩ መሀል አቋርጣ ሄደችና ሽንኩርት ገዝታ የምትመለስ አንዲት ሴትዮን ጠየቀች። ሴትዮዋ እጇ ስለተያዘ በአገጯ አሳየቻት። አዳራሹ ከአጥሩ ጀርባ ነበር። ያን ሁሉ ስንዞር የምንሰማው ሙዚቃ የራሳችን ሰርግ ሙዚቃ ነበር። እኔማ «ዛሬ ሌላም ሰርግ አለ መሰለኝ» እያልኩ ነበር።

4. በዚያን ቀን ከጋሽ ተሳቢ ጋር ቁጭ ብለን አላወራንም። ቆመን ነው ያወራነው፣ ያወሩትም እሳቸው ብቻ ናቸው። «ካርታው ነኝ ትላለህ፣ ማን አጣጥፎህ ነው?» አሉኝ በሰው ፊት። «ይኼን ሁሉ ዘመን ተሳቢ ስነዳ አንድም ቀን መንገድ ጠይቄ አላውቅም፣ አንድም ቀን ጠፍቼ አላውቅም። ልጄን ኬክ ለሚመራው ሰው አልሰጥም!» እኔም በትሕትና «ጋሼ፣ ጥፋቱ እኮ የመንገዱ ነው» አልኳቸው። «እንግዲያው መንገዱ ይፈርማ! ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ፣ ማህተም አድርጎ ይስጥህ። ያንን ወረቀት ሳትይዝ በሬን እንዳታንኳኳ!» ብለው ጥለውኝ ሄዱ።

ልጅቷ ተከትላ ወጣችና «አንተዬ፣ አንድ ሰው ብትጠይቅ ምን ነበረበት?» አለችኝ። ሳቋን አፍና ይዛው ነበር። ከሁሉም ያ ሳቅ ነው የቆጠቆጠኝ። እሷ እንድትስቅ እፈልጋለሁ፤ ግን እኔ ሳስቃት። ይህ ጉዳዩን ባይመለከትም ይጻፍልኝ።

5. ስለዚህ ደብዳቤውን ፍለጋ ሰኞ ወደ እርስዎ ተነሳሁ። ዋናው መንገድ ላይ የቢሮዎ ስም ያለበት ቀስት አለ። ቀስቱን ተከትዬ ስገባ ወንዶች ፀጉር ቤት ነው። ተቆረጥኩ፣ ምን ላድርግ፤ ዝም ብሎ መውጣት ጠፍቶ የገባ ያስመስላል። ስወጣ አጥሩ ላይ «ጽሕፈት ቤታችን ወደ አዲሱ ሕንፃ ተዛውሯል» የሚል ማስታወቂያ አየሁ። የቱ አዲስ ሕንፃ? በዚህ ከተማ ያላለቀ ሁሉ አዲስ ነው። ሰኞ እንዲሁ መሸ፣ ፀጉሬ ብቻ አማረ።

ዛሬ ጠዋት እንደገና ወጣሁ። በተቆፈረው መንገድ አቧራ ውስጥ ከፊቴ አንድ መኪና አለ፤ ቀለሙም ታርጋውም አይታይም፣ ፍሬቻው ብቻ ብልጭ ይላል። ተረጋግቶ፣ ሰፋ አድርጎ፣ እንደ ጌታ ይታጠፋል። «እንደዚህ የሚታጠፍ ሰው የሚሄድበትን ያውቃል» ብዬ ተከተልኩት። ከአደባባዩ አልተማርክም ይሉኝ ይሆናል። ይኼኛው ሪባን አላሰረም። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ደግሞ ወደ ግራ ወሰደኝና፣ መጨረሻው በግንብ የተዘጋ ጠባብ ቅያስ ውስጥ ገብተን ቆምን። የመኪናው በር ተከፈተ። ጋሽ ተሳቢ ናቸው። ብብታቸው ሥር ፖስታ ይዘዋል።

«እየተከተልከኝ ነው?» አሉኝ።
«ኧረ አይደለም ጋሼ፣ ሥራ ይዤ ነው።»
«እኔም ሥራ ይዤ ነው» አሉ።

ሁለታችንም ግንቡን አየነው። ጥሩ ግንብ ነው።

እንደቆምን ከግንቡ ጥግ አንዲት የብረት በር ተከፈተችና ዘበኛው አንገቱን አውጥቶ «ምን ፈልጋችሁ ነው?» አለን። ሁለታችንም በአንድ አፍ «ምንም!» አልን። ዘበኛው ዘጋው። ሲዘጋው በሩ ላይ መዳፍ የምታህል ጽሑፍ አየን፦ የመንገድና የምልክት ጽሕፈት ቤት፣ የኋላ በር። ክቡር ኃላፊ፣ ማንንም ሳንጠይቅ ደርሰናል። ይህ በመዝገብ ይያዝልኝ።

6. በዚያው በር ገብተን፣ አሁን ይህን የምጽፈው ኮሪደርዎ ውስጥ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ጋሽ ተሳቢ አጠገቤ ናቸው። ፖስታውን ከፍተው ጉዳያቸውን ነገሩኝ። ከሰርጉ ሲመለሱ፣ የሠፈራቸው መንገድ በሁለቱም ጫፍ «መግባት ክልክል ነው» የሚል ምልክት ተተክሎበት አገኙት። በሁለቱም ጫፍ! እሳቸው ምልክት ጥሰው የማያውቁ ሰው ስለሆኑ መኪናቸውን ሩቅ ጋራዥ አሳድረው በእግር ነው የሚገቡት። ለሚስታቸው «ለጤናዬ ነው» ብለዋል። ሴትዮዋም አምነው ስኳራቸውን ቀንሰውባቸዋል። «ጋሼ፣ ጠፍተው ነበር ማለት ነው?» ብላቸው ቱግ አሉ፦ «ማን ጠፋ? ቤቴ የት እንዳለ አውቃለሁ፣ ይታየኛል! መድረሻው ነው የጠፋው!»

እኔ ታዲያ ምን አልኩ? ይኸው እኮ ነው ያልኩት።

ይህን እየተባባልን ልጅቷ በዋናው በር ገባች። አባቷ ሲዘገዩባት አንድ ሰው ጠይቃ ቀጥ ብላ ነው የመጣችው፤ እሱን እንተወው። እሳቸውን አየች፣ እኔን አየች፣ «እናንተ ደግሞ እንዴት ተገናኛችሁ?» አለች። ጋሽ ተሳቢ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «መንገዱን እኔ አሳይቼው ነው» አሉ። እኔም ወዲያው «አዎ፣ ጋሼ እየመሩኝ ነው የመጣሁት» አልኩ። ውሸት አይደለም ክቡር ኃላፊ፣ ከኋላቸው ነበርኩ። ጋሽ ተሳቢ እንደ መጀመሪያው ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው «ልጁ መከተል ያውቅበታል» አሏት። እሷም ሳቀች። ይኼኛውን ሳቅ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ወዲያው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የእኔንም ስም አስገባው። ማህተሙ ለሁለታችን ይሁን። ባጃጅህን ይዘህ በሬ ድረስ መድረስ ከቻልክ፣ አንኳኳ» አሉኝ። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ አሁን በክቡርነትዎ እጅ ነው፤ በሩ ተፈቅዶልኛል፣ መንገዱ ነው የቀረኝ።

በመሆኑም፦

ሀ. ጥፋቱ የመንገዱ መሆኑን የሚገልጸው ደብዳቤ በሁለታችንም ስም እንዲጻፍልን። የእሳቸው ስም ከላይ ይሁን።

ለ. በጋሽ ተሳቢ ሠፈር ካሉት ሁለት ክልከላዎች አንዱ እንዲነሳ። የፈለጉት ጫፍ ይሁን፣ ዞረንም ቢሆን እንመጣለን። ይህ ከሁሉም በፊት ይታይልኝ፣ ልጅቷን የሚጠይቅ ሌላም ሰው አለ ይባላል። እሱ እግረኛ ነው፣ ምልክት አይከለክለውም።

ሐ. የተጋደመው ቀስት ቀና ይደረግ። የወፏ ሰሌዳ ግን ይቆይ፣ ሌላ እንቁላል ጥላ ሊሆን ይችላል።

መ. ከዚህ ሕንፃ መኪኖቻችን ወደቆሙበት የኋላ በር መውጫው ወዴት እንደሆነ የሚያሳይ ምልክት ይደረግልን። ጋሽ ተሳቢ ደጋግመው ሞክረው ነበር፣ በገቡ ቁጥር የዕቃ ግምጃ ቤት ነው የሚያገኙት።

መልሱን በመልእክተኛ አይላኩት፣ ሰውየው አይደርስም። እኛው መጥተን እንወስዳለን። መንገዱን እንደሆነ አሁን በቃሌ ይዤዋለሁ።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣ የሁለት መኪና ክላክስም ተጨምሮበት

ጋሽ ተሳቢ፣ የከባድ መኪና ሹፌር (ፊርማ)
ካርታው፣ የባጃጅ ሹፌር (ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለልጅቷ። መውጫውን ሰው ልትጠይቅልን ሄዳለች። እኛ ግን አልላክናትም።