ናፍታሊን ናፍታሊን ያለው ቸኮሌት

ለውድ እናቴ፤

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? የስፌት መኪናሽን ስትረግጪ አሁንም ያምሻል ወይስ ቅባቱ አሻለሽ? አባዬስ ሳሉ ተወው? ታላቅ እህቴ እታለምስ ደኅና እህል ትቀምሳለች? እኔ ብርዱ አፍንጫዬን ከማቅላቱ በቀር ጤነኛ ነኝ። ልቤ ግን ከሰሞኑ አላረፈም፤ ምክንያቱን ልንገርሽ።

እታለም ሁሉንም ጽፋልኛለች። የእጮኛዋ እናት ቤታችን ሲመጡ እኔ የላክሁትን ቸኮሌት እንዳቀረብሽላቸው፣ አንዱን ቀምሰው መሐረባቸው ላይ እንደተፉት፣ «ልጅሽ ሰው የጣለውን ለቅማ ነው እንዴ የላከችልሽ?» እንዳሉሽ፣ አንቺም «የእኔ ልጅ የተጣለ አታነሣም» ብለሽ በሩን እንዳሳየሻቸው። ከዚያ ወዲህ እጮኛዋ ደጃችንን አልረገጠም ብላለች። በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ጊዜ «እኔ ደኅና ነኝ» ትላለች፤ ሁለት ጊዜ ካለች ደኅና እንዳልሆነች አንቺም እኔም እናውቃለን።

እኔም መጀመሪያ እንዳንቺው ነደድሁ። ከትልቁ ሱቅ ሻጩን እያሰለቸሁ መርጬ የገዛሁት ነበር። ሴትዮዋን በልቤ ስሰድባቸው ሰነበትሁ።

ማክሰኞ ዕለት የምግብ ታሪክ ትምህርት ነበረን። አባዬ «መብላቱ አንሶ ታሪኩንም መማር» እያለ የሚስቅበት ማለት ነው። መምህራችን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው መነጽር የሚፈልጉ ሴት ናቸው። የካካዎ ፍሬ በሳህን ይዘው ገቡ። ፍሬው ባቄላ ይመስላል፤ ተቆልቶ፣ ተፈልፍሎ ይፈጫል። ብቻውን ብቀምሰው ምሬቱ ፊቴን አጨማደደው። የጥንት ሰዎች ያለ ስኳር እንዲሁ በጥብጠው ይጠጡት ነበር አሉ፤ ገበያ ላይም እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት ነበር። ዛሬም ዕድሜያቸውን በሙሉ ካካዎ ሲለቅሙ ኖረው ቸኮሌት ያልቀመሱ ገበሬዎች እንዳሉ ሲነግሩን ክፍሉ ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። እኔ ያሰብሁት አንቺን ነው። እታለም እንደነገረችኝ «እንግዳ ሳይቀምሰውማ» ብለሽ አንዲት ፍሬ አልነካሽም። ቀምሰሽው ቢሆን ኖሮ ያን ለእንግዳ ባላቀረብሽ።

ቀጥለው መምህራችን ቸኮሌት ቅባት ስላለው አጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ እንደሚስብ፣ ከሳሙና ጋር ካስቀመጡት ሳሙና ሳሙና እንደሚል አስረዱን። እኔ መጻፌን ተውሁ። በስልክ «ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ አስቀምጪው» ያልሁሽ እኔ ነኝ። ቤታችን ውስጥ ደግሞ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ የደንበኞችሽን ልብስ ብል እንዳይበላው ናፍታሊን የምትበትኚበት ሣጥን። ቸኮሌቱ እንግዳ እስኪመጣ ከናፍታሊን ጋር ተቃቅፎ ከረመ።

እማዬ፣ እዚህ ተቀምጬ የስንት ዘመን መብል ሳጠና የገዛ እናቴን ሣጥን ማሰብ አቃተኝ። በጣም ይቆጨኛል። ሴትዮዋ በእኔ ላይ የተናገሩት ክፉ ንግግር ነው፤ ስለ ጣዕሙ ግን ልክ ነበሩ። አንቺም ምንም አላጠፋሽም፤ ያልሁሽን አደረግሽ። ልጽፍላቸው አስቤ ነበር፤ ዳሩ ግን ካንቺ አፍ ካልሰሙት አያምኑም። በሩን ካሳየሻቸው ሰው ደጅ መቆም እንዴት እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። አጠገብሽ ብሆን አብሬሽ እሄድ ነበር፤ እሱም ይቆጨኛል። ጥፋቱን በእኔ አላኪው። ታሪክ ተማረች እንጂ ቤት መያዝ አታውቅም በያቸው፤ አልቀየምሽም። እታለም ያን ልጅ ትወደዋለች። ለእኔ ስትይ የዘጋሽውን በር ለእሷ ስትይ ክፈቺው።

አባዬን ትከሻውን ሳሚልኝ፤ ሲያስል አንገቱን ይሸፍን። ትንሹን ወንድሜን፣ በእጁ የሠራልኝ ካልሲዎች ደርሰውኛል፣ ሁለቱም የግራ እግር ቢመስሉም ሞቀውኛል በይው። እታለምን ሳታስበው ከኋላዋ እቀፊልኝ። የእጮኛዋን እናት ደግሞ ደጃቸው ስትደርሺ፣ ምንም ከመናገርሽ በፊት፣ በእኔ ስም ጉንጫቸውን ሳሚልኝ።

ልጅሽ ሚጡ
ከተማሪዎች ማደሪያ፣ ኅዳር 14 ቀን