ለለቅሶዬ ያሰብኩት ፎቶ

ሰኞ
ፎቶውን ተነሣሁት። ባለቤቴ ያለ ፎቶ ነው የሞተችው። ለቅሶዋ ላይ ቀሚሷን ይዘው አለቀሱ፤ አንጀቴ እርር አለ። የእኔ እንዲያ አይሆንም። የእህቷ ልጅ ሰናይት እዚሁ ንፋስ መውጫ ፎቶ ቤት አላት። "አባባ፣ ለኤግዚቢሽን ላንሣዎት?" ስትለኝ እሺ ያልኩት ለዚያ ነው። የክት ጋቢዬ፣ ባርኔጣ፣ ከዘራ። በዘበኝነት ከምጠብቀው መሥሪያ ቤት፣ ከኃላፊው በር ፊት አቆመችኝ። በሩ ዝግ ነበር። ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

ማክሰኞ
ፎቶው ወጣት ማእከል ተሰቅሏል አሉ። ዐይኔን ጨፍኜ ይሆን? ጋቢው ተጣሞ ይሆን? እህል አልበላ አለኝ።

ሮብ
ሄድኩ። መሥሪያ ቤታችን ግድግዳ ላይ ያሉትን የማበረታቻ ሥዕሎች አስመስላ ነው የሠራችው። ዙሪያው ጥቁር፣ ከሥር ትልልቅ ጽሑፍ። አንዱ ባዶ ወንበር ብቻ ነው፤ "የቡድን ሥራ" ይላል። የእኔን ፊደል ለቅሜ ለቅሜ አነበብኩት። "ትጋት። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።"
ሰው ይስቃል። እንግዲህ ለቅሶዬም ላይ ሊስቁ ነው።
አውርጂው አልኳት።
"በእርስዎ እኮ አይደለም አባባ፣ በበሩ ነው የሚስቁት።"
በሩ ጋቢ ለብሷል ወይ ብያት ወጣሁ።

ሐሙስ
ኃላፊው በጧት ገባ። እንዲያ ገብቶ አያውቅም። "አባቴ፣ ስማችንን አጥፍታለች። ፎቶው የእርስዎ ነው፣ ሄደው ያስወርዱ" አለኝ። ትናንት እኔው አውርጂ ያልኩትን ዛሬ እሱ ሲያዝዘኝ አልዋጥ አለኝ። እኔም ቆሜ ነበር፣ በሩም ዝግ ነበር፣ ምኑ ነው ስም ማጥፋት አልኩት። ከወጣሁ በኋላ ነው ያሰብኩት። ቢያባርረኝስ? ያባርረኝ።

ዓርብ
አልቃሿ እቴ ጥሩ ለገበያ መጣች። ለባለቤቴ ሙሾ አውርዳ ለቀስተኛውን ያስለቀሰች እሷ ናት፤ ለእኔም የምታስለቅስ እሷ ናት፣ በሞት ከቀደምኳት። ይዣት ሄድኩ። ፊደል አታውቅም፤ ፎቶውን ብቻ አየችው።
"ማንን ነው እንዲህ ቀጥ ብለህ የምትጠብቅ?"
ኃላፊውን አልኳት።
"መጣ?"
አልመጣም።
ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን ጠረገች። "ይኸ ለለቅሶህ ይሆነኛል። ግጥሙም መጥቶልኛል" አለች። በይ ልስማው ብላት፣ "ሞተህ ትሰማዋለህ" አለችኝ።
ሰናይት ከሥር ያለውን ጽሑፍ ልቁረጠው ወይ ብላኛለች። እስካሁን አልመለስኩላትም።