ክብደቱን ወደ መሃል ላዛወሩት ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የማሽን ዕድሳትና መላኪያ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣
በቢሮዎ፤ እዚያ ካልተገኙም ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ፣ በቤትዎ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ራስዎን፣ ወገብዎንና ጉልበትዎን ደህና ያድርግልዎ፤ አሥሩም ጣቶችዎ እንደተፈጠሩ በየቦታቸው እንዲሰነብቱ ከልብ እመኛለሁ። የጣቶቹን ነገር ለይቼ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እደርስበታለሁ።

እኔ ከእርስዎ በታች ባለው ፎቅ የምኖር፣ ደረጃ ላይ ስንገናኝ «እንደምን አደሩ» የምልዎት ሴት ነኝ። ባለቤቴ በድርጅትዎ ጭነት አሳሪ ነው። ሳጥን በክሬን ሲነሳ የሽቦ ገመዱን የሚያስረው፣ ሳጥኑ አየር ላይ እንዳይዞርም በገመድ ስቦ የሚይዘው እሱ ነው። ጓደኞቹ ረዥሙ ይሉታል። ነገ ጠዋት ከግቢዎ አንድ ትልቅ ሳጥን በክሬን ተነስቶ የጭነት መኪና ላይ ይወጣል፤ ገመዱን ይዞ ከሳጥኑ አጠገብ የሚቆመውም ባለቤቴ ነው። የምጽፍልዎት ስለዚህ ነው። ሁለት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን ስለነገረችኝ፣ ስብሰባዎን ላለማወክ ስል ይህን ደብዳቤ በድርጅቱ በርና በሕንጻችን መግቢያ ላይ እለጥፈዋለሁ። ጊዜ ሲያገኙ ያነቡታል፤ ጊዜ ያላቸው ደግሞ ቀድመውዎት ያነቡታል።

ከሳሽ መባል ስለማልወድ ምስጋናዬን ብቻ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ለውበት ላለዎት ዐይን አመሰግናለሁ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቶርኖ ነው፤ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ፣ የፀጉር ውፍረት ያህል ስሕተት የማይታገሥ ማሽን። የማሸጊያ ክፍሉ ኃላፊ እንዲህ ያለውን ማሽን እንደ አራስ ልጅ ስለሚይዘው ሠራተኛው ሁሉ አዋላጁ ይለዋል። ዝገት እንዳይነካው ዘይት ይቀባዋል፤ በላስቲክ ይጠቀልለዋል፤ እርጥበት የሚመጥጡ ትናንሽ ከረጢቶች በየጎኑ ይሸጉጥለታል፤ የሚንሸራተተውን ክፍል በእንጨት ወጥሮ እግሮቹን ከሳጥኑ ወለል ጋር በብሎን ያስራል። ሳጥኑን ከዘጋ በኋላ ክብደቱ የሚያርፍበትን ቦታ በውጭ በኩል በቀይ ቀለም ያመለክታል። የቶርኖ ሞተር ያለው በአንድ ጫፍ በመሆኑ ምልክቱ መሃል ላይ አይውልም፤ ወደ ሞተሩ ይጠጋል። የክሬን ሰው ከውጭ የሚያየው ይህንኑ ምልክት ብቻ ነው፤ ሽቦውም ከምልክቱ ግራና ቀኝ እኩል ተለክቶ ይታሰራል።

ለገዢው የሚላከው ፎቶግራፍ በሚነሳበት ቀን እርስዎ ሳጥኑን ዞረው ተመለከቱ፤ ምልክቱ ወደ አንድ ጎን መሆኑ ዝርክርክ እንደሚያስመስል ተናገሩ፤ በነጭ ተሸፍኖ መሃል ላይ እንዲቀባም አዘዙ። አዋላጁ ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት «ለፎቶ ነው፣ ወንድሜ! ክብደቱማ የት እንዳለ ራሱ ያውቃል» ብለው የቆመውን ሰው ሁሉ አሳቁ። እውነትዎን ነበር። ክብደቱ ያውቅ ነበር።

ሁለተኛ፤ ለፍትሕዎ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ፎቶው በተነሳ ቀን እናቱን ሐኪም ቤት ይዞ ሄዶ ስለነበር የቀለሙን ነገር አልሰማም። አዋላጁ ደግሞ ፎቶው ካለቀ ምልክቱ ወደ ቦታው ይመለሳል ብሎ ቀዩን ቀለም በጥብጦ ፈቃድዎን ይጠብቅ ነበር። በማግስቱ አዋላጁ ምሳ ላይ ሳለ ሳጥኑ ከማሸጊያው ክፍል ወደ ግቢው ይውጣ ተባለ። ባለቤቴ ምልክቱን አምኖ ሽቦውን አሰረ። ሳጥኑ ጉልበት ያህል ከፍ እንዳለ ከባዱ ጫፍ ወደ ታች ሄደ፤ ሳጥኑም በሽቦው ውስጥ ተንሸራቶ ግድግዳው ላይ ተላተመ። ባለቤቴ እጁን ከጓንቱ ውስጥ መዘዘ። ጓንቱ በሳጥኑና በግድግዳው መካከል ተጣብቆ ቀረ።

ቤት ሲመጣ ሳይታጠብ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠና እጁን ዘርግቶ ያይ ጀመር። ምን ሆነሃል ስለው፣ ጓንት ጠፋብኝ አለኝ። ጓንት የጠፋበት ሰው ጣቱን አይቆጥርም።

በጉዳዩ ላይ ያቋቋሙት አጣሪ ኮሚቴ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ሥራውን ጨርሶ፣ ቀለም የሚለውን ቃል አንድም ጊዜ ሳያነሳ፣ ጥፋቱ የጭነት አሳሪው ቸልተኝነት መሆኑን ደረሰበት። ለባለቤቴ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ነገ ከሥራ ቢቀር ወይም በሥራው መካከል ክርክር ቢያነሳ ይሰናበታል። ከእንዲህ ያለ ኮሚቴ ፊት የቀረበ ሰው እጁ ተርፎለት መውጣቱ ራሱ ዕድል ነው።

ሦስተኛ፤ ይህን ስጽፍ በእርግጥ ከወንበሬ ተነስቼ እጅ ነስቻለሁ። በሳጥኑ ጎን ላይ አዋላጁ የሚለጥፋት አንዲት ጠቋሚ አለች። ሳጥኑ ከልክ በላይ ካዘነበለ ትቀላለች፤ አንዴ ከቀላች ወደ ነጭ አትመለስም። ያን ቀን ቀላች። ሌላ ሰው ቢሆን ሳጥኑ ይከፈት፣ ማሽኑ ከብሎኑ ተላቆ እንደሆነ ይታይ ይል ነበር። እርስዎ ግን ጠቋሚዋ ተልጣ አዲስ እንድትለጠፍ አዘዙ። ልጆቼ ባተኮሳቸው ቁጥር ቴርሞሜትሩን መቀየር እንጂ ሐኪም ቤት መሮጥ እንደማያስፈልግ ይህን ሁሉ ዘመን አለማወቄ ቆጭቶኛል።

ቀልዱን ልተወውና፣ ነገሩ እዚህ ላይ ነው የከፋው። ማሽኑ ከቦታው ተነቃንቆ ከሆነ የድሮው ምልክት እንኳ ዛሬ ልክ ላይሆን ይችላል። ክብደቱ የት እንዳለ አዋላጁም አያውቅም፤ ሳይከፍተው እንደማያውቅም በአፉ ነግሮኛል። ሲነግረኝ ዐይን ዐይኔን አላየኝም።

አራተኛ፤ ለንጽሕና ስለሚሰጡት ትኩረት። ባለቤቴ ትናንት ምንም ካለማድረግ ይሻላል ብሎ በድሮው ምልክት ቦታ ላይ በጠመኔ ትንሽ መስመር አሰመረ። ሳጥኑ ለገዢው የተላከውን ፎቶ መምሰል አለበት የሚል ትዕዛዝዎ ስላለ፣ የጥበቃ ሠራተኛው እርጥብ ጨርቅ አምጥቶ አጠፋው። ክፉ ሰው አይደለም። እያጠፋ «ይቅር በለኝ ረዥሙ፣ እኔም የማበላቸው አሉኝ» ብሎታል። ባለቤቴም «ጠርዙ ላይ ቀርቶሃል፣ ደህና አድርገህ ጥረገው» አለው። ሁለቱም ሳቁ አሉ። እኔ ግን ሲነግረኝ አልሳቅሁም።

አምስተኛ፤ የእርስዎ ክሬን የመኪናውን ከፍታ ስለማይደርስ ከሌላ ድርጅት ክሬን ተከራይተዋል። ነጂው ሳጥኑን አይቶት አያውቅም፤ የሚያምነው የተቀባውን ምልክትና የተለጠፈችውን ጠቋሚ ነው፤ ሁለቱም ደህና ነው ይሉታል። ከፈረቃ አለቃው በስተቀር ማንም ሰው ነጂውን እንዳያናግረው ማዘዝዎንም ሰምቻለሁ። ሥርዓት ጥሩ ነገር ነው። በዚህ ጊዜ ግን ሳጥኑ የሚነሳው ጉልበት ያህል ሳይሆን ከሰው ራስ በላይ ነው፤ የሚያስቆመው ግድግዳም የለም።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦችዎ፣ ምን ያድርጉ፣ ቢሮ የሚውል ሰው የጭነትን ነገር በምን ያውቃል ይላሉ። እዚህ ላይ ለስምዎ ጥብቅና እቆማለሁ። የመስታወት ቁም ሳጥንዎ ወደ ፎቅ ሲወጣ ከተሸከሙት ሰዎች አንዱ ባለቤቴ ነበር፤ እኔም በሬን ከፍቼ አይ ነበር። መሳቢያዎቹን አስወጥተው ለየብቻ አስጠቀለሉ። መስታወቱን በብርድ ልብስ አሸፈኑ። «በዚህ በኩል ይከብዳል፤ ረዥሙ፣ አንተ በዚህ ግባ» ብለው ቦታውን በጣትዎ አሳዩት። ከደረጃው አናት ላይ ሆነው «ቀስ! ቀስ በሉ እንጂ፣ አዘነበለ!» ሲሉ ድምፅዎ ምድር ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። አንድ ብርጭቆ አልተሰነጠቀም። ስለዚህ አያውቅም ለሚሉዎት ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ ያውቃሉ። አሳምረው ያውቃሉ።

ባለቤቴ ይህን መጻፌን አያውቅም። ነገ ቅር ስለው፣ «እኔ ብቀር ሌላ ሰው ይቆማል፤ እሱም ሚስት አለችው» አለኝ። እንግዲያው ተናገር ስለው፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ተናግሬ ስባረር ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ስታይኝ ደግሞ ምን ልትይኝ ነው?» አለኝ። መልስ ያጣሁት እርስዎ በሰጡት ማስጠንቀቂያ ነውና ለዚህም ላመስግንዎት ይገባል፤ ከተጋባን ጀምሮ ያላሳፈረኝን አንደበት ዝም አሰኝተውታል።

የምለምነው ጥቂት ነው። ሳጥኑ ይከፈት። ማሽኑ ይታይ፤ የላላው ይታሰር። ምልክቱ ክብደቱ ባለበት ይቀባ። ሳጥኑ ፎቶውን ባይመስል ገዢው ቅር ይለው እንደሆነ ምክንያቱን እኔ ራሴ እጽፍለታለሁ፤ እንደሚያዩት ብዕር አይከብደኝም።

የእርምጃዎን ድምፅ በጣሪያዬ በኩል በየቀኑ በአክብሮት የማዳምጥ፣ መልካም ስምዎ እንደ ሳጥንዎ ከሩቅ ሲታይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም የምመኝ፣ ትሑት ጎረቤትዎ፣

የረዥሙ ሚስት

ግልባጭ፤
ለማሽኑ ገዢ፣ ከፎቶግራፉ ጋር እንዲያያይዘው፤
ለክሬኑ ድርጅት፣ ለነገው ነጂ እንዲሰጠው።

ማስታወሻ፤ ደብዳቤውን ከመለጠፌ በፊት ግልባጩ ለክሬኑ ነጂ ደርሶት፣ ጥጉ ላይ በጻፍኩት ቁጥር ስልክ ደወለልኝ። እንዳያናግሩት የከለከሉት የድርጅትዎን ሠራተኞች ነው፤ እኔ ደግሞ የማንም ሠራተኛ ስላልሆንኩ ትዕዛዝዎ አልተጣሰም። ብዙ የሚያወራ ሰው አይደለም። «ክብደቱ የት ነው፣ እመቤቴ?» አለኝ። እኔ እንደማላውቅ፣ አዋላጁም እንደማያውቅ፣ መሃል ላይ ነው ያሉት እርስዎ ብቻ እንደሆኑ ነገርኩት። እሱም እንዲህ እንድነግርዎት ላከኝ። ነገ ጠዋት መጥቶ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቅዎታል። ወይ ሳጥኑን ከፍተው ያሳዩታል፤ ወይ መሃል ነው ባሉት ምልክት ሽቦውን አሳስረው፣ የባለቤቴን ገመድ ራስዎ ይዘው፣ መኪናው ላይ እስኪወጣ ድረስ ከሳጥኑ አጠገብ ይቆማሉ። ከሁለቱ አንዱን እስኪመርጡ ድረስ ሞተር አያስነሳም። ሰውየው የሚከፈለው በሰዓት ስለሆነ አይቸኩልም።