ቀን የሌለው ፊርማ

ሰኞ፣ ግንቦት 4
ሥራ ለማግኘት ልምድ ያስፈልጋል፤ ልምድ ለማግኘት ሥራ ያስፈልጋል። ታዲያ የመጀመሪያውን ማን ነው የሚሰጠው? ዛሬም ከታ ሰፈር፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ቆሜ ራሴን ጠየቅኩ። ከበው የቆሙት ሁሉ ያንኑ የሚጠይቁ ይመስሉ ነበር።

በሲቪል ምሕንድስና ከተመረቅኩ አሥር ወር ሞላኝ። ወንድሜ ቲቶ ፌራዮ ነው፤ ሕንጻ ላይ ብረት ያስራል። ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቆመው፣ ግን ሥራ አጥቶ አያውቅም። ጠዋት ሲወጣ "ኢንጂነር፣ ቤቱን አደራ!" ይለኛል። እስቃለሁ … ሁልጊዜ አይደለም።

ዛሬ ግን አንድ አዲስ ወረቀት ነበር። ሥራ ለሌላቸው የግንባታ ምሩቃን ነፃ ሥልጠና። ስድስት ሳምንት። ሲያልቅ የሥራ ልምድ ደብዳቤ … ልምድ! ስልክ ቁጥሩን መዳፌ ላይ ጻፍኩት።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12
ተቀበሉኝ! ሃያ አራት ነን። አጠገቤ የተቀመጠችው ኤቢሴ ትባላለች፣ ከሆለታ ነው የምትመላለሰው። ገና ሳንተዋወቅ ቆሎዋን አካፈለችኝ።

ኦሪጅናል ዲግሪያችንን አስረከብን። "ለማረጋገጫ ነው፣ ስትጨርሱ ትወስዳላችሁ" አለ አሠልጣኙ፣ ኢንጂነር ጌታቸው። ኤቢሴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "ኮፒ አይበቃም እንዴ?"

ዝም በይ አልኳት። በነፃ እያስተማሩን ጥያቄ ማብዛት ምንድን ነው?

ዓርብ፣ ግንቦት 22
ዛሬ ተግባር ጀመርን። የኮንክሪት ሙሌት ፈቃድ። ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት የሳይቱ መሐንዲስ ብረቱን አይቶ "ይሞላ" ብሎ ይፈርማል። ያለ ፊርማው አንድ ባሬላ አይፈስም። እንዴት ደስ የሚል ሥልጣን!

ቀኑን ሙሉ ቅጽ ስንሞላ ዋልን። "የኮለን ስታፋ በየአሥራ አምስት ሳንቲም፣ ታይቷል።" ስታፋ … ቲቶ ሲያጥፍ የሚውለው ያ የምሰሶ ቀለበት ብረት። ምንም ያየሁት የለም፤ ልምምድ ነው። ታይቷል፣ ፊርማ። ታይቷል፣ ፊርማ።

"ቀኑን ባዶ ተዉት" አለ ኢንጂነር ጌታቸው።
"ለምን?"
"ልምምድ ቀን የለውም።" ሳቀ፣ ሳቅን። በኋላ ወረቀቴን አንስቶ፣ "ፊርማሽ ያምራል" አለኝ። እዚህ ደብተር ጀርባ ላይ ሃያ ጊዜ ፈርሜ አየሁት። እውነቱን ነው።

ሰኞ፣ ሰኔ 9
የሞላናቸውን ቅጾች አይመልሱልንም። እርማት የለ፣ ማርክ የለ። ኤቢሴ፣ "ልምምድ ከሆነ ከቅጹ ሥር ያለው ካርቦን ወረቀት ምን ይሠራል?" አለች። ቅጹ አናት ላይ ደግሞ "ባለ አራት ፎቅ፣ ገፈርሳ" ተብሎ ታትሟል። ለምሳሌ ነው አሉን። ለምሳሌ ይሆናል …

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24
ቲቶ ዝናብ እያንጠባጠበ ገባ። እየሳቀ።
"ደብቀሽን ነው አይደል?"
"ምኑን?"
"እኛ ሳይት ኢንጂነር አይተን አናውቅም። 'መንፈስ ነው፣ በሌሊት ነው የሚመጣው' እያልን ነበር የምንስቀው። ዛሬ ሽቦ ላመጣ ፎርማኑ ክፍል ስገባ፣ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ … ጣቢታ አጵሎስ! ያቺ ቀለበት ቀለበት ፊርማሽ! እህቴ አለቃዬ! ለልጆቹ በሙሉ አወራሁ።"
"ሳይታችሁ የት ነው?"
"ገፈርሳ። ባለ አራት ፎቁ።"
ሻዩን አስቀመጥኩት። "ስታፋውን በስንት በስንት ነው የምታስሩት?"
"በሠላሳ። አንዳንዴም ከዚያ ይሰፋል። ፎርማኑ ብረት ቆጥቡ ይላላ። ምነው፣ አንቺ አይደለሽ የፈቀድሽው?"

እየቀለደ ነው። ግማሽ። በሠላሳ ከሆነ፣ ታይቷል ብዬ ከፈረምኩት ብረት ያለው ግማሹ ነው … አላየሁም እንጂ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 25
ገፈርሳ ሄድኩ። ዘበኛው ኦቦ መገርሳ ስሜን ስነግራቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ኢንታሎ፣ ልጄ፣ አንቺ ነሽ ኢንጂነሯ? ስንት ወር ጠበቅንሽ!" ለእሳቸው እንኳ ሐሰት ነው ማለት አቃተኝ። "ኮቱ፣ ነይ አንድ ነገር ላሳይሽ" ብለው ወደ ምድር ቤት ወሰዱኝ። ጥግ ያለው ኮለን ላይ አንድ መስመር … ከወገቤ እስከ ትከሻዬ።
"ባለፈው ሳምንት አልነበረም" አሉ።
ጥፍሬን አስገባሁ። ገባ።

ቅዳሜ የሦስተኛው ፎቅ ሶሌታ፣ የኮንክሪት ወለሉ፣ ይሞላል። ላይ አርባ ሰው ይሆናል። ቲቶም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 26
ስንጥቁን ስነግረው ኢንጂነር ጌታቸው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።
"ልምድ ፈልገሽ አልነበር? ይኸው ልምድ። ደብዳቤሽ ደርሷል።"
"ሕንጻው ቢወድቅስ?"
"የፈረመ ይጠየቃላ።" መሳቢያውን ቆልፎ፣ "ሻይ ይምጣልሽ?"

ዲግሪዬ መሳቢያው ውስጥ ነው። ቁልፉ ጣቱ ላይ ይሽከረከራል። ነፃ ሲሉኝ ማን እንደሚከፍል ለምን አልጠየቅኩም?

ዓርብ፣ ሰኔ 27
ቲቶን ነገ አትሂድ አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት። የሥራ ጫማውን እየፈታ፣ "እኔስ ልቅር፣ አብረውኝ የሚያስሩት እነ ሊቤስ?" አለ። ዝናቡ አላባራም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 28
ልጻፈው።

ስደርስ ሚክሰሩ ይዞራል። ፎርማኑ፣ "ማን ነሽ አንቺ?"
"የሳይቱ መሐንዲስ።" ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። "መዝገቡን አምጣልኝ።"

ጻፍኩ። ሙሌቱ ይቁም። ብረቱ ከፕላኑ ግማሽ ነው። ምድር ቤት ሰው አይግባ። ፈረምኩ፣ ያንኑ ፊርማ። ቀኑንም ጻፍኩ።

ፎርማኑ መዝገቡን ግድግዳው ላይ ካለው ወረቀት ጋር ሲያስተያይ ቆየ። ያው ነው። ምን ይበል? ይህ ሐሰት ነው ካለ የግድግዳው ሁሉ ሐሰት ሊሆንበት ነው። ከላይ ቲቶ ጮኸ፦ "ውረዱ! ኢንጂነሯ ውረዱ ብላለች!"

እየተሳደቡ ወረዱ። "ስንት ወር ጠፍታ፣ እንጀራችን ሲደርስ ተገኘች!" አለ ሊቤ በአጠገቤ ሲያልፍ። ኦቦ መገርሳ ሚክሰሩን ራሳቸው አጠፉት።

ሰኞ፣ ሰኔ 30
ጠዋት የግንባታ ቁጥጥር ቢሮ ሄጄ አመለከትኩ። "ፊርማው ያንቺ ነው?" "አዎ።" "እንግዲህ የመጀመሪያዋ ተጠያቂ አንቺ ነሽ።" "አውቃለሁ።" ሐሙስ ሰው እንልካለን አሉ።

ከሰዓት ቲቶ ደወለ። ፎርማኑ ረቡዕ እንሞላለን ብሏል። ሐሙስ አይደለም፣ ረቡዕ። የእኔ ወረቀት ከግድግዳው ተነሥቷል። በቦታው ሌላ ተሰክቷል፤ ቀኑ በአዲስ ቀለም የተሞላ። የፈራሚውን ስም አንብብልኝ አልኩት። ኤቢሴ።

ስልኳ አይነሣም። በሠልጣኞቹ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የላክሁትን እዚህም ልገልብጠው፤ ከዚያ ቢሰርዙት እንኳ እዚህ ይቆይ፦

"ጣቢታ ነኝ። ልምምድ ብለን የፈረምነው ልምምድ አይደለም። ስማችሁ አንድ ግድግዳ ላይ አለ፤ ከሥሩ ሰው ይሠራል። ዲግሪያችን እነሱ ጋ እንደሆነ አውቃለሁ፣ የእኔም እዚያው ነው። ኤቢሴ፣ ረቡዕ የሚሞላው በአንቺ ስም ነው። ማቆም የምትችይውም አንቺ ነሽ፤ ሙሌቱ ይቁም ብለሽ፣ ቀን ጽፈሽ ፈርሚ። ረቡዕ ጠዋት በአንድ ሰዓት ገፈርሳ፣ ሳይቱ በር ላይ ነኝ። ማን ይመጣል? መልሱልኝ።"