ሳልሰጥም ላዳኑኝ ለኦቦ ዋቆ

አምቦ፣ የካቲት 2011 ዓ.ም.

ለተከበሩ ኦቦ ዋቆ ዓብዲሳ
የሐይቅ ዳር ጀልባ ማኅበር ሰብሳቢ
ወንጪ

ክቡር ሆይ፣

የጀልባዋ ጫፍ ከዳር ተላቆ፣ ቀዛፊው ፈይሳ መቅዘፊያውን ገና ለሁለተኛ ጊዜ ውሃ ውስጥ እንደከተተ፣ እኔም እግሬን ዘርግቼ «ተመስገን» ማለት ስጀምር፣ እርስዎ ከዳር ቆመው «ፈይሳ! መልሳት! ይቺ ልጅ ብቻዋን ናት!» ብለው የጮኹባት ያቺ ቅጽበት ካለፈች እነሆ ወር ሊሞላት ነው። ያን ዕለት ጉሮሮዎ ብዙ ስለደከመ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የድምፅዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ፈረሶችዎና ጀልባዎችዎ ሁሉ ደህና እንዲሆኑ ምኞቴ ነው። እኔ፣ እርስዎ በየስብሰባው እንደሚናገሩት ከሆነ፣ በእርስዎ ጥረት በሕይወት አለሁ።

ካዳኗቸው ሰዎች ብዛት የተነሳ ካላስታወሱኝ፣ ጃለኔ ፈዬራ እባላለሁ። አምቦ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ አስተምር ነበር ማለት ይሻላል፣ ምክንያቱን እደርስበታለሁ።

በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት የመርከብ ሽርሽር አማረኝ። በስልኬ ላይ እንደማየው፣ የፈረንጅ አገር ሴቶች ብርዱ ሲጠናባቸው ብቻቸውን ትልቅ መርከብ ላይ ይወጣሉ፤ ብቻቸውን ቁርስ ይበላሉ፤ ወንበር ላይ ተጋድመው መጽሐፍ ያነባሉ፤ ማንም መጥቶ «ምን ሆነሽ ነው?» አይላቸውም። አገራችን ባሕር የላትም፣ እኔም ለመርከብ የሚሆን አቅም የለኝም፤ ወንጪ ግን አለ። እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የተወው ጉድጓድ እንዴት ውሃ እንደሚቋጥር ለተማሪዎቼ በጠመኔ ስሥለው የኖርኩትን ሐይቅ፣ በጥር ውርጭ፣ ማንንም ሳላስከትል፣ የማንንም ፎቶ ሳላነሣ፣ «ኧረ እንመለስ፣ በረደኝ» የሚለኝ ሰው ሳይኖር ልዞረው ተነሣሁ። ጥፋቴ ይኸው ነው።

እርስዎ በአጀንዳ መሄድ እንደሚወዱ ስለሰማሁ፣ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ምርመራው። ጀልባዋ ከተመለሰች በኋላ በፈረሰኞቹ፣ በቆሎ ሻጮቹና ለሽርሽር በመጡት ጎረምሶች ፊት አቁመው «ከማን ጋር መጣሽ?» አሉኝ። ከራሴ ጋር መምጣቴን ነገርኩዎት። «እሺ፣ ማንን ልታገኚ ነው?» አሉ። ሐይቁን ልጎበኝ መምጣቴን ስነግርዎ፣ ሐኪም የበሽተኛ ቤተሰብን በሚያይበት ዓይን ፈይሳን አዩት። «የተጣላሽው ሰው አለ?» ሲሉኝ፣ ከእርስዎ በስተቀር እስካሁን እንደሌለ አስረዳሁ፤ ጎረምሶቹ ሳቁ፣ እርስዎ ግን አልሳቁም። ከዚያም ማስረጃዎን በጣትዎ እየቆጠሩ አሰሙ። ጥቁር ሹራብ ለብሳለች። ቦርሳዋን እንዳይረጥብ ብላ ቁልቁለቱን በፈረስ ላወረዳት ሰው አደራ ሰጥታለች፤ ንብረት አደራ የሚሰጥ ሰው ደግሞ አይመለስም። ከሁሉ የከፋው፣ ቀዛፊውን «መሃሉ ምን ያህል ይጠልቃል?» ብላ ጠይቃለች። ክቡር ሰብሳቢ፣ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ጥልቀቱን ሳልጠይቅ ብመለስ ነበር ምክር የሚያስፈልገኝ።

2. ስለ ጥበቃው። ትኬት የሚቆረጥባት ጎጆ ውስጥ አስቀምጠው፣ ሮጬ ውሃ ውስጥ እንዳልገባ በር ላይ ሁለት ጎልማሶች አቆሙልኝ። ለዚህ ክብር አመሰግናለሁ፤ በሕይወቴ አጃቢ ኖሮኝ አያውቅም። ቆሎ የሚሸጡት አዴ ካሰችም ገብተው እጄን ያዙና «ጀባዹ፣ የኔ ልጅ፣ አይዞሽ! ወንድ እንደሆነ ሞልቷል፤ ይሄ ባይሆን ያኛው ይሆናል!» እያሉ ያለቅሱልኝ ጀመር። የወንድ ጉዳይ አይደለም ብላቸው፣ «ደብቂው፣ ደብቂው፣ እኔም ደብቄ ነው እዚህ የደረስኩት» ብለው ከበፊቱ አብልጠው አለቀሱ። በእርሳቸው ላይ ቅሬታ የለኝም። ያን ቀን በርዶኝ እንደሆነ የጠየቁኝ እርሳቸው ብቻ ናቸው፤ ቆሎውንም በጭኔ ላይ እስኪፈስ ሞልተውልኛል።

3. ስለ እንግዳ አቀባበልዎ። እኔ በመስኮት እያየሁ ቆሎዬን ስቆረጥም አንዲት ፈረንጅ መጣች። ብቻዋን ናት። ጥቁር ጃኬት ለብሳለች። መጽሐፍ ይዛለች። እርስዎ ኮፍያዎን አውልቀው «ዌልካም፣ ዌልካም» እያሉ፣ እኔ የተነሣሁበትን መቀመጫ በእጅዎ ጠርገው አስቀመጧት። እሷም ወደ ውሃው ወደታች እየጠቆመች አንድ ነገር ስትጠይቅ፣ ፈይሳ እጆቹን እስከቻለ ድረስ ዘርግቶ አሳያት። ጥልቀቱን መሆኑ ነው። በሐይቁ መሃል ያለችውን ደሴት ዞራ እስክትሰወር ድረስ በዓይኔ ሸኘኋት። ከእሷ ቀጥሎ እነዚያ ጎረምሶች፣ አፋቸው አረቄ አረቄ እየሸተተ፣ ተንሳፋፊ ጃኬት ሳይለብሱ፣ ጀልባዋን እያወዛወዙና እየጨፈሩ ሲሄዱ «ተጫወቱ ልጆች!» ብለዋቸዋል። ትምህርቱ ገብቶኛል፦ እሷ ብቻዋን ስትሆን ቱሪስት ናት፣ እነርሱ ሰክረው ሲሄዱ ልጆች ናቸው፣ እኔ ብቻዬን ስሆን አስከሬን ነኝ።

4. ስለ ስልኬ። «ለጥንቃቄ» ብለው ከእጄ ወስደው፣ ያሳደጉኝ አጎቴ ኦቦ ጉታ ጋ፣ ጊንጪ ደወሉ። ከጎጆዋ ሆኜ ቃል በቃል ሰምቼዎታለሁ፦ «ልጅቷ ውሃ ልትገባ ስትል ደርሰን ይዘናታል፤ ቶሎ ድረሱ!» አጎቴ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ሚዛን ላይ ያለውን ጤፍ ትተው፣ መጋዘኑን ሳይዘጉ፣ ሚኒባስ ተከራይተው ጎረቤቱን ሁሉ ጭነው መጡ። ሚስታቸው ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቀዋል። ዋይታው ከአፋፉ ጀምሮ ይሰማ ስለነበር፣ ማን ሞቶ ነው ብዬ ቆሎዬን እንደያዝኩ ከጎጆዋ ወጣሁ። የሞትኩት እኔ ነበርኩ።

አጎቴ አቅፈውኝ አለቀሱ፤ ውሃ ነክቶኝ እንደሆነ ፀጉሬን ዳበሱ። «ምን በደልንሽ? ንገሪን፣ ምን ጎደለብሽ?» አሉኝ። አጎቴ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም። ለመዝናናት ብቻ መምጣቴን ነገርኳቸው። ዋይታው ቀጥ አለ። «ለመዝናናት? ብቻሽን? እኛ ሰው አይደለንም?» ብለው እጃቸውን ከትከሻዬ ላይ አነሡ። ሚስታቸው ነጠላቸውን ወደ ቦታው እየመለሱ «ምነው እንዲህ ታዋርጂናለሽ!» አሉ። እስከ አምቦ ድረስ በዚያ ሚኒባስ ውስጥ ያናገረኝ ሰው የለም። ልሞት ነበር ሲባል ያቀፈኝ ዘመድ፣ ልዝናና ነበር ስል አኮረፈኝ፤ እስካሁንም ከጊንጪ የሚደወልልኝ ስልክ የለም። ይህን ጸጥታ ስላጎናጸፉኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

5. ስለ ሥራዬ። ትምህርት ሲከፈት እርስዎ ከእኔ ቀድመው ትምህርት ቤት ደርሰው ኖሯል። ርዕሰ መምህራችን አቶ ሶፎንያስ እርስዎ በስልክ ያስጠነቀቋቸውን ሁሉ በጥሞና አዳምጠው፣ ተማሪ ፊት መቆም ለጊዜው ይከብድሻል፣ ትንሽ ዕረፍት ያስፈልግሻል ብለው የመማሪያ መጻሕፍት መጋዘን ቁልፍ ሰጡኝ። ዕረፍት በመሄዴ በዕረፍት የተቀጣሁ የመጀመሪያዋ መምህርት ሳልሆን አልቀርም። ክፍሎቼን የስፖርት መምህሩ ይዘውልኛል። ባለፈው ሳምንት መቲ የምትባል ተማሪዬ በመጋዘኑ መስኮት ብቅ ብላ፣ «ቲቸር፣ የወንጪ ሐይቅ እንዴት እንደተፈጠረ ተማርን፤ ዝናብ ነው አሉን» አለችኝ። ከዚያ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ተሻለዎት ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። እስከዚያች ጥያቄ ድረስ ነገሩ ያስቀኝ ነበር።

6. ስለ ሽልማትዎ። በዚያው ሰሞን በወረዳው ስብሰባ ላይ ሰው በማዳን ምስጉን ተብለው፣ ተጨብጭቦልዎ፣ ምስክር ወረቀት መቀበልዎን በደስታ ሰማሁ። ታሪኩ መንገድ ላይ አድጎ ነው የደረሰኝ፦ ገመድ ተወርውሯል፣ እርስዎም ከነልብስዎ ዋኝተዋል። ክቡር ሆይ፣ ያን ዕለት ከውሃው ጋር የተነካካው ነገርዎ የጫማዎ ጫፍ ብቻ ነበር፤ እሱንም በሣር ጠርገውታል። የሆነው ሆኖ፣ ክፍሌን ለመመለስ ርዕሰ መምህሩ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ስለነበረ፣ እሱም ማኅበርዎ «ተሳስተን ነው» ብሎ እንዲጽፍ ስለሆነ፣ ራሴ ቢሮዎ ድረስ መጣሁ። ምስክር ወረቀቱ በመስታወት ገብቶ ከራስዎ በላይ ተሰቅሏል። በትሕትና ለመንኩ። «የኔ ልጅ፣ ያዳነሽን ሰው እንዲህ አታዋርጂ» አሉኝ፤ ቀና ብለው ግድግዳውን እያዩም «ተሳስቻለሁ ብዬ ብጽፍ ይሄን ምን አደርገዋለሁ?» አሉ። በዚህ ጉዳይ ከእርስዎ አንደበት የሰማሁት ብቸኛው እውነት ይህ ስለሆነ፣ ከልቤ አመሰግናለሁ።

እዚህ ላይ ለአንድ አፍታ ቀልዱን ልተው። ሰው ልቡ ተሰብሮ ሐይቅ ዳር ሊመጣ ይችላል። እርስዎም በቅን ልብ ፈርተውልኝ ከነበረ፣ ፍርሃትዎን አልንቅም። የፈራ ሰው ግን አጠገብ ይቀመጣል፤ በዝግታ «እንዴት ነሽ?» ይላል፤ መልሱንም ያዳምጣል። እርስዎ ስሜን እንኳ የጠየቁኝ አጎቴ ጋ ለመደወል ነው። ነገ በእውነት የጨነቃት ልጅ ወደዚያ ብትመጣ፣ በእኔ የደረሰውን ሰምታ ጭንቀቷን ከእናንተ ሁሉ ደብቃ፣ ስቃና ተጫውታ ጀልባ ላይ ትወጣለች። እርስዎም «ዌልካም» ይሏታል። የእኔ ነገር የሚያንገበግበኝን ያህል ይህም ያስፈራኛል።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ለትምህርት ቤቱ አንድ መስመር ይጻፉልኝ፦ «መምህርት ጃለኔ ትኬት ቆርጣ የተሳፈረች መንገደኛ ነበረች።» ምስክር ወረቀትዎን አልነካብዎትም። የጻፉልኝ ዕለት ራሴ መጥቼ መስታወቱን እወለውልልዎታለሁ።

ያላንዳች ጥያቄ ላሳፈሩት ጎረምሳ ሁሉ ዕድሜ፣ ለእርስዎም ከዚህ የሚበልጥ ሽልማትና እሱን የሚሸከም ሰፊ ግድግዳ እየተመኘሁ፣ በማያቋርጥ ክትትልዎ ሥር የምገኝ፣

ታዛዥዎ ያልሆንኩት፣
ጃለኔ ፈዬራ
(ለጊዜው የመጻሕፍት መጋዘን ጠባቂ)

ግልባጭ፦
– ለአቶ ሶፎንያስ፣ ርዕሰ መምህር፣ አምቦ
– ለኦቦ ጉታ፣ ጊንጪ፣ ከናፍቆት ጋር
– ለማኅበሩ ጀልባዎች፣ ያለ ዋስ ብቻቸውን ለሚያድሩት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ አቶ ሶፎንያስ አስጠሩኝ። ከእርስዎ ጋር በስልክ ተመካክረው ለሁላችንም የሚበጅ መላ ማግኘታቸውን ነገሩኝ፦ እርስዎ ምንም መጻፍ አይጠበቅብዎትም፤ እኔ «ታምሜ ነበር፣ አሁን ድኛለሁ» ብዬ ብፈርም ሰኞ ክፍሌ ይመለስልኛል። «ምን አለበት፣ ፊርማ ነው» አሉኝ። እስክሪብቶውን አንሥቼ አየሁት፤ መልሼም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ክፍሌን ምን ያህል እንደምፈልገው ያቺ መስኮት ላይ የመጣች ልጅ ታውቃለች። ነገር ግን ከእንግዲህ ከተሳፈርኩበት መውረድን አልቀበልም፤ ብቻዬን በቆምኩ ቁጥር ሰው ሁሉ ተሰብስቦ እንዲያለቅስልኝ አልቀበልም፤ የራሴን ሥራ በምሕረት ማግኘትን አልቀበልም፤ ያልያዘኝን በሽታ ድኛለሁ ብዬም አልፈርምም።