የመጨረሻው ስካን ምን እንዳለ ታውቅ ነበር

ዘሌዬ፣ የኔ ሆድ፣

ከተለየኸኝ ይኸው ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ቤቱ እንዳለ ነው ልበልህ? አይደለም። የጓሮውን ማንጎ ንፋስ ገንጥሎት ግማሹ አጥሩ ላይ ተኝቷል፤ የሚያነሳው ጠፋ። እኔም ደክሞኛል። ሰው ሲያጽናናኝ ይደክመኛል፣ ዝም ሲለኝም ይደክመኛል።

እህትህ አልማዝ ከጨንቻ መደወል ትታለች። ለሰው የምትለውን ግን እሰማለሁ፤ ወንድሜን በሽታው እንደባሰበት ሳይነግሩት፣ እያታለሉ ገደሉት ትላለች። እኔን መሆኑ ነው እንግዲህ።

ያን ጊዜ ትዝ ይልሃል? ካንሰሩ ከፕሮስቴትህ አልፎ አጥንትህ ገብቷል ተብሎ መርፌው ከተጀመረልህ በኋላ፣ አዲስ አበባ ሄደህ ስካን ስትነሳ አጥንትህ ላይ ያለው የካንሰሩ ነጠብጣብ ከበፊቱ በዝቶ ታየ። ወሬው ከእኛ ቀድሞ አርባ ምንጭ ገባና የእድር ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከች አሉ። አይ አንተ! ገና ነኝ፣ ድንኳኑን መልሱት ብለህ አሳቅካቸው። እኔ ግን ሐኪሙ ያለንን ደጋግመህ እስክታስረዳኝ አላመንኩም፤ እየዳነ ያለ አጥንትም ስካን ላይ ይደምቃል፣ በደም ምርመራህ የካንሰሩ ቁጥር ወርዷል፣ ሕመሙም ቀሎልሃል፣ ስለዚህ ትንሽ ጠብቀን ደግመን እንየው ነበር ያለን። እውነቱን ነበር። ሲደገም አዲስ ነገር አልተገኘም፤ አንተም መኪናህን ይዘህ የካምባን መንገድ መመላለስ ጀመርክ።

የመጨረሻው ስካን ግን ሌላ ነበር። ነጠብጣቡም ጨመረ፣ የደም ምርመራው ቁጥርም ከፍ አለ፣ ወገብህም አላስቀምጥ አለህ። ሐኪሙ ሁለታችንንም አስቀምጦ፣ ይሄኛው የመዳን ምልክት አይደለም፣ በሽታው መድኃኒቱን አልሰማ ብሏል አለን። አንተ የጠየቅከው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሕመሙን የሚያስታግስልኝ ነገር አለ ወይ አልከው።

ቤት ስንደርስ፣ ልታስታምምህ ከጨንቻ መጥታ እኛ ጋ የሰነበተችው አልማዝ በር ላይ ቆማ ትጠብቀናለች። እንደ ያኔው ነው፣ አጥንቴ እየዳነ ነው አልካት። እልልታዋን አቀለጠችው። ዞር ብለህ አየኸኝ፤ እኔም አዎ አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ያንን አዎ ተሸክሜ ኖርኩ። እሷ እየሳቀች ስትገባ ስትወጣ አንተ ፊትህ ይፈታ ነበር፤ እኔ ጓዳ ገብቼ አለቅስ ነበር። ምን ልደብቅህ፣ ተናድጄብህ ነበር። ለእሷ ሰላሟን ሰጥተህ ሸክሙን ለእኔ ተውክልኝ።

ነገ ጨንቻ እወጣለሁ። ከፈለግህ ተቆጣኝ። እኔን ያሻትን ብትለኝ እችለዋለሁ፤ አንተን ግን የተታለለ ምስኪን አድርጋ ስታለቅስህ መስማት አቃተኝ። ሁሉንም ሰምተህ፣ ሁሉም ገብቶህ፣ እሷ እንድትስቅ ብለህ እንደዋሸሃት እነግራታለሁ። እኔ እስካለሁ የማስታውስህ እንደዚያ ነው። እሷም ወንድሟን አውቃ ታልቅስ።

ባለቤትህ አስቴር