ሰይፈ ሥላሴ ላቀው፦ አስተኝቶ የመቀስቀስ አደራ

አቶ ሰይፈ ሥላሴ ላቀው ከአባታቸው ከአቶ ላቀው ዓለምብርሃን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታየች ደርቤ፣ ዳባት አጠገብ ገብስና ነጭ ሽንኩርት ከሚያመርት ቤተሰብ፣ ኅዳር 14 ቀን 1966 ዓ.ም. ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በዳባት፣ ሁለተኛ ደረጃን በደባርቅ አጠናቀው፣ በጎንደር መጀመሪያ በነርስነት ኋላም በሰመመን ሕክምና ተመረቁ።

በ1993 ዓ.ም. ከወይዘሮ ባንቻየሁ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ልደቱንና ሀብተ ሚካኤልን ወልደዋል። ሥራቸውን ሲጠየቁ፣ ሰው አስተኝቶ መቀስቀስ ነው ይሉ ነበር። ይህን የምጽፈውን እኔን፣ ታናሽ እህታቸውን እሌኒን ግን፣ አፍሽን የሚያስተኛ መድኃኒት ገና አልተሠራም እያሉ ያሾፉብኝ ነበር።

በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሄደው መልክ በሚስተካከልበት አንድ የግል ክሊኒክ ተቀጠሩ። በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. ስጦታ የምትባል የደባርቅ ወጣት አፍንጫዋን ልታስተካክል ከእናቷ ከወይዘሮ ፋንታዬ ጋር መጣች። ክሊኒኩን የመረጡት የአገር ልጅ አለበት ብለው ነው። ወንድሜ ሁለቱንም መንገድ አስረዷት፤ አፍንጫዋን ብቻ አደንዝዞ በሚያረጋጋ መድኃኒት እያንቀላፋች መሥራት ይቻላል፣ ወይም ደግሞ ሙሉ በሙሉ ተኝታ። ስጦታ አጥንቷ ሲነካ መስማቱን ፈራች። እርሳቸውም፣ በሙሉ ሰመመን ጊዜ ጉሮሮ ውስጥ የሚገባው ቱቦ ደም ወደ ሳንባ እንዳይወርድ ስለሚከላከል፣ በምርጫዋ ተስማሙ።

በዕለቱ ማለዳ የቀመሰችው ነገር እንዳለ ጠየቋት። ምንም አለች። አልዋሸችም። እናቷ ግን በመንገዳቸው ጸበል ወስደዋት፣ እንደ ደንቡ በባዶ ሆዷ እስክትጠግብ ጠጥታ ነበር። በእኛ አገር ጸበል የጠጣ ሰው ጾመኛ ነው፤ እህል ውሃ እንደ ወሰደ አይቆጠርም። ማደንዘዣው ሲሰጣት፣ ቱቦው ሳይገባ፣ የጠጣችው ከሆዷ ተመልሶ ሳንባዋ ገባ። በሦስተኛው ቀን ዐረፈች። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር።

ምርመራው ወንድሜን ጥፋተኛ አላላቸውም። እርሳቸው ግን፣ ዳባት ተወልጄ፣ ራሴ ጸበል እየጠጣሁ አድጌ፣ እንዴት ጸበልስ ብዬ አልጠይቃትም እያሉ ይብሰለሰሉ ነበር። ክሊኒኩን ትተው ደባርቅ ገቡ። ጥሩ ደመወዝ ጥለው መጡ ብሎ ቤተሰቡ ተቆጣ፤ እኔማ ክፉ ተናግሬአቸዋለሁ። ይቅር ይበሉኝ።

በየዓመቱ ስጦታ ባረፈችበት ቀን ወደ ወይዘሮ ፋንታዬ ቤት ይሄዱ ነበር። ሰባት ጊዜ ሄዱ፤ ሰባት ጊዜም በሩ አልተከፈተም። ስጦታ ያረፈች ዕለት አንድ የክሊኒኩ ሠራተኛ ወይዘሮ ፋንታዬን፣ አጠጥተሽ የገደልሻት አንቺ ነሽ ሲላቸው ወንድሜ ሰምተው ነበርና፣ ይመላለሱ የነበረው ያን ቃል ከላያቸው ሊያነሡላቸው ነው። ወይዘሮ ፋንታዬ ደግሞ ያንኑ ሊደግሙልኝ መጡ እያሉ ይደበቁ ኖረዋል።

ባለፈው ክረምት ወንድሜ የጉበት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። በጥር ወር ወይዘሮ ፋንታዬ፣ መታመማቸውንና ራሳቸውን ሲወቅሱ መኖራቸውን ሰምተው፣ ሳይጠሩ መጡ። አልጋው አጠገብ ቆመው፣ «ልጄን የገደልኋት እኔ፤ እርስዎ ምን አጠፉና ነው ደጄን ሲመላለሱ የከረሙ?» አሉ።

ወንድሜ እጃቸውን ይዘው፣ «እርስዎ የእናት ሥራ ሠሩ፤ መጠየቅ የእኔ ሥራ ነበር» አሏቸው። ሁለቱም አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ፋንታዬ ከአልጋው አልራቁም።

አቶ ሰይፈ ሥላሴ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በሃምሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ዓይናቸውን የከደኑላቸው ወይዘሮ ፋንታዬ ናቸው። ባለቤታቸው፣ ሁለቱ ልጆቻቸው፣ አረጋዊት እናታችንና እኔ በሐዘን ቀርተናል።

ወይዘሮ ፋንታዬ ዛሬ ከእኛ ጋር ተቀምጠዋል። ስጦታ ስትቀበር ብዙ ሰው ምን እንደሚላቸው ጠፍቶት ዝም ብሎ አልፏቸው ነበር። እባካችሁ፣ ልታጽናኑን ስትመጡ መጀመሪያ እርሳቸው ዘንድ ሂዱ፤ ጥፋቱ የእርስዎ አልነበረም በሏቸው። እግዚአብሔር የወንድሜን ነፍስ ከስጦታ ነፍስ አጠገብ ያሳርፍልን። አሜን።